የባለሙያ ምላሽ፦ የልጄ ጉበት የታመመው በእኔ ዘር ነው?

ከጎንደር፣ አዘዞ የደረሰን ጥያቄ እንዲህ ይላል፦

«ልጄ 9 ወሯ ነው። 7 ወር ሲሆናት አንድ ሌሊት አንቀጠቀጣት። የወሰድናት ክሊኒክ ቫልፕሮት የሚባል ሽሮፕ ሰጠን፤ እስካሁን እየወሰደች ነው። ካለፈው ወር ወዲህ ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ ሆዷ ተነፋ፣ ክብደቷም አልጨምር አለ። ባለፈው ሳምንት ጠዋት አልነቃ ብላን ሆስፒታል ስንሮጥ ስኳሯ በጣም ወርዶ ነበር። ተኝታ ታክማ ወጣች። ሐኪሙ ጉበቷ ታሟል፣ የሚቶኮንድሪያ ችግር ሊሆን ይችላል አለን። ከእሷ በፊት አንድ ወንድ ልጅ በ6 ወሩ ሞቶብኛል። አማቴ ሚቶኮንድሪያ ከእናት ብቻ ነው የሚወረሰው ሲባል ሰምተው፣ በአንቺ ዘር ነው ይሉኛል። ጡት አቁሚ የሚለኝም አለ። ጎረቤቴ የወፍ በሽታ መድኃኒት የሚሰጥ ሰው አለ ትላለች። ኮኪውቴን የሚባል ቫይታሚን ከውጭ ማስመጣት፣ ካልሆነም ጉበት ማስቀየር ይቻላል ብለውናል። እውነት የእኔ ጥፋት ነው? ምን ላድርግ?»

ከጠየቅሽው ሁሉ በፊት ያልጠየቅሽውን ልመልስ። ሽሮፑን።

የሚቀጥለውን ቫልፕሮት ከመስጠትሽ በፊት ልጅቷን ወደሚከታተላት ሆስፒታል ውሰጃት። ጠርሙሱንም ይዘሽ ሂጂ። ቀጠሮ አትጠብቂ። ቫልፕሮት የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ብዙ ልጆች የረዳ መድኃኒት ነው፤ ስሙን ለማጥፋት አይደለም። ግን ከ2 ዓመት በታች ለሆነች፣ ጉበቷ ለታመመና ሚቶኮንድሪያዋ ለተጠረጠረ ልጅ አይሰጥም። መድኃኒቱ ራሱ የሚቶኮንድሪያን ሥራ ያደናቅፋል። ስብ እንዳይቃጠል ያደርጋል። ለዚያ ሥራ የሚያስፈልገውን ካርኒቲን የተባለ ንጥረ ነገርም ያሟጥጣል። ፖልጂ በሚባለው ዘረመል ላይ ጉድለት ያለበት ልጅ ሲወስደው ደግሞ ጉበቱ በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ውስጥ ሥራ ሊያቆም ይችላል።

ቤት ውስጥ ዝም ብለሽ አቋርጪው ግን አላልኩሽም። ድንገት ሲቆም ማንቀጥቀጡ ሊብስ ስለሚችል ነው ሆስፒታል ድረሺ የምልሽ። እዚያ በዚያው ቀን በሌላ ይቀየራል። ሌቬቲራሴታም በጉበት ላይ ጫና የማይፈጥር ስለሆነ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ካልተገኘ ሐኪሙ በእጁ ያለውን መዝኖ ይሰጣል። ካርኒቲን ከተገኘም ይጨመርላታል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በዪ። ቢጫነቱ የታየው ሽሮፑ ከተጀመረ በኋላ ነው። ይህ ማለት ሽሮፑ ብቻውን አመጣው ማለት አይደለም። መጀመሪያ ያንቀጠቀጣት ነገርስ ምን ነበር? በ7 ወሯም ስኳሯ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ያኔ አንድ ጠብታ ደም ተወስዶ ስኳሯ ተለክቶ እንደሆነ አላውቅም፤ ካልተለካ የሚጥል በሽታ ነው ለማለት ገና ነበር። የሚያንቀጠቅጠው ሕፃን ሁሉ ስኳሩ ሳይለካ መድኃኒት አይጻፍለትም። ይህን ለእናንተ ሳይሆን ለሙያ ጓደኞቼ ነው የምለው።

አሁን ወደ ሚቶኮንድሪያው። ሚቶኮንድሪያ በሴላችን ውስጥ ያለ በጣም ጥቃቅን አካል ነው። ምግብን በኦክስጅን አቃጥሎ ሴሉ የሚሠራበትን ኃይል ያወጣል። አንድ የጉበት ሴል ከ1,000 እስከ 2,000 የሚደርስ ይይዛል፤ ምክንያቱም ጉበት ሥራ ይበዛበታል። በጡትና በጡት መካከል ስኳር እየሠራ ደም ውስጥ የሚለቀው እሱ ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕሮቲኖች የሚሠራው እሱ ነው። አሞኒያ የተባለውን መርዝ አጣርቶ የሚያስወግደውም እሱ ነው። ይህ ሁሉ ኃይል ይበላል።

ሕፃን ልጅ ጉበቷ ውስጥ ያስቀመጠችው ስኳር ትንሽ ነው። ጥቂት ሰዓት ካልበላች ያልቃል። ከዚያ ሰውነቷ ወደ ስብ ይዞራል። ስብ የሚቃጠለው ደግሞ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ነው። ሚቶኮንድሪያው ካልሠራ ነገሩ እንጨት ተከምሮ ምድጃው እንደጠፋበት ቤት ይሆናል። ስቡ በጉበት ሴሎች ውስጥ ይከማቻል፣ ጉበቱ ያብጣል፣ ስኳሩ ይወርዳል። ሳይቃጠል የቀረው ስኳር ደግሞ ላክቴት ወደሚባል አሲድ ይቀየራል። ልጅሽ ጠዋት አልነቃ ያለችው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳትጠባ ካደረች ማለቴ ነው።

ይህ ሁሉ ከጥርጣሬው ጋር ይሄዳል። ግን ጥርጣሬ ነው። ሐኪሙ «ሊሆን ይችላል» ያለውን ሰፈሩ «ነው» አድርጎታል። ሚቶኮንድሪያ የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ሲፈጠር ጀምሮ ጉድለት ሲኖርበት ነው። ሌላው ደህና የነበረው በሌላ ነገር ሲመታ ነው፦ በመድኃኒት፣ በመርዝ፣ በከባድ ኢንፌክሽን፣ ትልልቅ ልጆች ላይ በጉበት ውስጥ በሚጠራቀም መዳብ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚቆም ወይም የሚድን ነው። ለዚህ ነው ስሙን ከመለጠፋችን በፊት ሁለተኛውን ለመፈለግ የምንቸኩለው።

አማትሽ የሰሙት ነገር ግማሹ እውነት ነው። ሚቶኮንድሪያ የራሱ የሆነ ትንሽ ዲኤንኤ አለው። በውስጡ 37 ዘረመሎች አሉ። እነዚህ በእርግጥ ከእናት ብቻ ነው የሚመጡት። ግን ሚቶኮንድሪያ ለመሥራት ከ1,100 በላይ ዓይነት ፕሮቲን ይፈልጋል። የራሱ ዲኤንኤ ከዚህ የሚሠራው 13ቱን ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ትእዛዙ ያለው በሴሉ ዋና ዲኤንኤ ላይ ነው፤ ይህኛው ደግሞ ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት ነው።

ሕፃናት ላይ ጉበትን የሚያጠቁት የሚቶኮንድሪያ በሽታዎች አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። ፖልጂን ጠቅሻለሁ። ዲጂዩኦኬ፣ ኤምፒቪ17 እና ቲአርኤምዩ የሚባሉም አሉ። በሁሉም ልጁ የሚታመመው ጎዶሎውን ቅጂ ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ነው። እናትና አባት እያንዳንዳቸው አንድ ጎዶሎና አንድ ደህና ቅጂ ይዘው በጤና ይኖራሉ። መኖሩን የሚያውቁበትም መንገድ የለም። ከሚቶኮንድሪያው የራሱ ዲኤንኤ መጓደል የሚመጣ፣ ጉበትንና የደም ሴልን አንድ ላይ የሚይዝ በሽታም አለ፤ እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ልጁ ላይ እንደ አዲስ የሚፈጠር እንጂ ከእናቱ የተቀበለው አይደለም።

ወንድሟ በ6 ወሩ መሞቱም ወደዚያው ይጠቁማል። ሁለት ልጆች፣ ወንድና ሴት፣ ወላጆቻቸው ጤነኛ፣ በጨቅላነታቸው ሲታመሙ መጀመሪያ የማስበው ከሁለቱም ወላጆች የሚወረሰውን ዓይነት ነው። ስለዚህ «በአንቺ ዘር ነው» የሚለው በሳይንሱም አይቆምም። የሚመረመረው ደም የአንቺ ብቻ ሳይሆን የባለቤትሽም ነው። እሱ «እኔ ምን አገባኝ» ካለ ምርመራው ግማሽ ሆኖ ይቀራል። አማትሽ ይህን ቢያነቡት ደስ ይለኛል፤ ካላነበቡም ባለቤትሽ ቁጭ ብሎ ይንገራቸው። ይህ የአንቺ ሥራ አይደለም።

«ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የተጋባነው፣ የዘር በሽታ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄም ብዙ ጊዜ ይመጣል። መቁጠሩ ጥሩ ነው፤ ዕድሉን ይቀንሳል። አያጠፋውም። ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎችም በአጋጣሚ በአንድ ዘረመል ላይ ጎዶሎ ቅጂ ይዘው ሊገናኙ ይችላሉ። ሌላው ስህተት ከአራት አንድ የሚለውን ቁጥር ይመለከታል። ሁለቱም ወላጆች ጎዶሎውን ከያዙ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። አንዱ ከታመመ ሦስቱ ይተርፋሉ ማለት አይደለም። ሁለት ተከታትለው ሊታመሙ ይችላሉ፤ አራት ተከታትለው ጤነኛ ሊሆኑም ይችላሉ።

ጡት አታቁሚ። ወተትሽ በሽታውን አላመጣም፣ አያስተላልፍምም። የጡት ወተት የማይስማማቸው ጋላክቶሴሚያ የሚባል በሽታ ያለባቸው ሕፃናት አሉ። እነሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው በጠና የሚታመሙት። ልጅሽ እስከ 7 ወር ደህና ነበረች። ሐኪሙ ለማረጋገጥ ከፈለገ ያስመረምራል፤ ካልተባልሽ በቀር ጡቷን አትንሻት።

ከደብዳቤሽ በጣም ያሳሰበኝ ሌላ ነገር የወራቱ ቅደም ተከተል ነው። በ6 ወሯ ምግብ ጀምራችሁ ይሆናል። በ7 ወሯ አንቀጠቀጣት። ምን ነበር የምትሰጫት? አጥሚቱ ውስጥ ስኳር ወይም ማር ነበረበት? ሙዝ፣ የብርቱካን ጭማቂ፣ ማንጎስ? ፍሩክቶስ የሚባለውን የፍራፍሬና የማር ስኳር ጉበታቸው መፍጨት የማይችል ልጆች አሉ። ተራው ስኳርም ግማሹ ፍሩክቶስ ነው። ጡት ብቻ እስከጠቡ ድረስ ምንም አይሆኑም። ጣፋጭ ሲጀምሩ ያስመልሳቸዋል፣ ስኳራቸው ይወርዳል፣ ያንቀጠቅጣቸዋል፣ ጉበታቸው ያብጣል፣ ቢጫ ይሆናሉ። ላክቴታቸውም ይወጣል። የሚቶኮንድሪያ በሽታ ቁርጥ እሱኑ ይመስላል። ልዩነቱ ይህኛው ምግቡ ሲወጣ የሚድን መሆኑ ነው። ማስመለሱ በቀናት ይቆማል፤ ጉበቱም በሳምንታት ውስጥ ያገግማል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ማር፣ ስኳር፣ ፍራፍሬና ጭማቂ ለጊዜው ይቁም። ማር ለነገሩ ከ1 ዓመት በታች ላለ ማንኛውም ልጅ አይሰጥም። ካሮትና ስኳር ድንችም ይቆዩ። መድኃኒት የሚታዘዝላት በሽሮፕ ከሆነ ማጣፈጫው ምን እንደሆነ ፋርማሲስቱን ጠይቂ፤ ስኳር ወይም ሶርቢቶል ያለበት አይሆንም። ስኳሯ ወረደ ብለሽ ስታስቢ በስኳር የተበጠበጠ ውሃ እንዳትሰጫት። ከፋርማሲ የሚገዛ የግሉኮስ ዱቄት ቤት ይኑርሽ። ከሌለ ጡት ስጪና ወደ ሆስፒታል ሂጂ። ፈዛ ወይም ደክማ ከሆነ ግን አፏ ውስጥ ምንም አታድርጊ፤ ታንቃታለች። ምግቡን ማውጣት ጉዳት የለውም፤ ከሆስፒታሉ ጋር ተነጋግራችሁ ለጥቂት ሳምንታት ሞክሩት።

ሌሎችም አሉ። ታይሮሲኔሚያ የሚባል፣ ደም እንዳይረጋ አድርጎ ጉበትን የሚያበላሽ በሽታ አለ፤ ኒቲሲኖን የተባለ መድኃኒትና የተለየ ምግብ አለው፤ የሚታወቀውም በሽንት ምርመራ ነው። ጉበት ያከማቸውን ስኳር መልቀቅ የማይችልበት በሽታም አለ፤ ሆድ ይነፋል፣ ስኳር ይወርዳል፣ ላክቴት ይወጣል፣ ቢጫነት ግን ብዙም የለበትም። ሄፓታይተስ፣ ወባ፣ ቲቢና የደም ኢንፌክሽን መታየት አለባቸው። ክትባቷን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ከወሰደች ሄፓታይተስ ቢ የመያዝ ዕድሏ ዝቅተኛ ነው፤ ካርዷን ይዘሽ ሂጂ።

በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ጉበትንና ጣፊያን የሚያሳብጥ ካላዛር የሚባል በሽታም አለ። ጎንደር ላይ ሆዱ የተነፋ ልጅ አይቶ ካላዛርን ያልጠየቀ ሐኪም ሥራውን አልጨረሰም። ከቤተሰቡ ጋር ወደ መተማ ወይም ሁመራ ቆላ ወርዳችሁ ታውቃላችሁ? ትኩሳቷ ቆይቷል? የተነፋው ጉበቷ ብቻ ነው ወይስ ጣፊያዋም? ካላዛርን በጣት ደም በደቂቃዎች ውስጥ የሚለይ ምርመራ አለ፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ ለዚሁ የተቋቋመ የሕክምናና የምርምር ማዕከልም አለ። የሚድን በሽታ ሳይመረመር ቀርቶ የማይድን ስም መስጠት ከሁሉም ይብሳል።

ስለ ምርመራዎቹ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ወረቀቱ ሲመጣ ብዙ ሰው በተሳሳተው ቁጥር ላይ ነው የሚያተኩረው። ኤስጂፒቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም ሲወርድ ቤተሰብ ይደሰታል። ቢጫነቱ እየባሰ፣ የደም መርጋቷ እየተበላሸ፣ ጉበቷም እየጠበበ ኢንዛይሙ ከወረደ ግን ደስ አይልም፤ የሚለቀው ሴል አልቋል ማለት ሊሆን ይችላል። እኔ መጀመሪያ የማየው አይኤንአር የሚባለውን የደም መርጋት ቁጥር ነው። ከፍ ብሎ ከተገኘ ቫይታሚን ኬ በመርፌ ይሰጥና ከሰዓታት በኋላ እንደገና ይለካል። ከተስተካከለ የቫይታሚን እጥረት ነበር። ቫይታሚን ኬ ተሰጥቶም ከ2 በላይ ከሆነ፣ ልጅቷ ነቅታ ብትጫወት እንኳን ጉበቷ ሥራ እያቆመ ነው። ከፈዘዘች ወይም እንቅልፏ ከተዛባ ደግሞ ይህን ለማለት 1.5 መድረሱ ይበቃል።

ላክቴት ከፍ ማለቱም ብቻውን ሚቶኮንድሪያ ነው አያሰኝም። ሕፃን ስታለቅስ፣ ክንዷ በላስቲክ ታስሮ ደም ሲቀዳ ይወጣል። ክፉኛ የታመመ ጉበትም ላክቴትን ማጽዳት ስለማይችል ይወጣል። ስለዚህ ክንዷ ሳይታሰር፣ ረጋ ባለችበት ጊዜ ይቀዳ፤ በበረዶ ላይ ሆኖ ቶሎ ላቦራቶሪ ይድረስ፤ አንዴ ከፍ ካለም ይደገም። ከጉበቷ ናሙና መውሰድ የመጀመሪያ እርምጃ አይደለም። ደሟ የማይረጋ ልጅ ላይ አደገኛ ነው። ቢወሰድም የሚያሳየው በጥቃቅን የስብ ጠብታዎች የተሞሉ ሴሎችን ነው፤ ይህ ደግሞ በቫልፕሮትም፣ በውርስ ጉድለትም ሊመጣ ይችላል።

መልስ የሚሰጠው የዘረመል ምርመራ ነው። ሐምራዊ ክዳን ባለው ብልቃጥ ጥቂት ደም ከልጅቷ፣ ከአንቺና ከባለቤትሽ ይቀዳል። ናሙናው ብዙውን ጊዜ ወደ ውጭ ስለሚላክ ውጤቱ ሳምንታት ይፈጃል፤ ወጪም አለው። ገደብም አለው። አንዳንዴ ትርጉሙ ያልለየ ለውጥ ይገኛል፤ አንዳንዴም ምንም አይገኝም፣ ያ ግን በሽታው የለም ማለት አይሆንም። ገንዘቡ አሁን ባይኖር እንኳ ናሙናው ተወስዶ እንዲቀመጥ ጠይቂ። ደም ከመሰጠቷ በፊት ቢቀዳ ይሻላል። የወንድሟ የሕክምና ወረቀት ካለም ፈልጊ፤ ምን ብሎት እንደሞተ ከአንድ ምርመራ የበለጠ ሊናገር ይችላል።

ቤት ውስጥ በእጅሽ ያለው ትልቁ መድኃኒት ምግብ ነው፣ በተለይ ሰዓቱ። ቀን በየ3 ሰዓቱ ትብላ ወይም ትጥባ። ሌሊት ከ4 ሰዓት በላይ ሳትጠባ አትቆይ፤ ተኝታለች ብለሽ አታሳልፊ፣ ቀስቅሻት። ያለ ስኳርና ያለ ማር የተሠራ አጥሚትና ገንፎ ጥሩ ነው። ክብደት አልጨመረችም ብለሽ በቅቤ ለማደለብ አትሞክሪ፤ ስብ ማቃጠል ካልቻለች ቅቤው በሽታዋን ያባብሰዋል። ያልበሰለ የበቆሎ ስታርች ለሌሊት ስጪ የሚል ምክር ኢንተርኔት ላይ ታገኚ ይሆናል። በዚህ ዕድሜ አንጀቷ በደንብ አይፈጨውም፤ ያለ ሐኪም አትጀምሪው።

ጸበል መውሰድ ከፈለጋችሁ እኔ አልከለክልም። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ጸበሉ ሳይሆን ባዶ ሆድ መቆየቱ ነው። ሌሊት ተነስታችሁ፣ ሳትጠባ፣ ብርድ ላይ ሰዓታት ወረፋ መጠበቅ ለዚህች ልጅ አደጋ ነው። አጥብተሽ ሂጂ፤ ካህኑም ሕፃን ናት፣ ታማለች ሲባሉ ይረዱሻል። በቫልፕሮት ፋንታ የተቀየረላት መድኃኒትም አይቋረጥ።

የወፍ በሽታ መድኃኒቱን ግን አትስጪ። ሰዎች አገገሙ የሚባለው ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ልጆችን ቢጫ የሚያደርገው ሄፓታይተስ ኤ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይድናል። ስሚዛ የጠጣም ምንም ያልጠጣም ይድናል፤ ምስጋናው ለጠጣው ይሰጣል። የልጅሽ ሕመም ያ ዓይነት አይደለም። «ዕፅ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውም ውሸት ነው። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በመንደር ሰዎች ላይ የተከሰተው የጉበት በሽታ ሲመረመር ከእህል ጋር በተቀላቀለ አረም ውስጥ ያለ መርዝ ነው የተገኘው። ያም ተክል ነበር። የታመመ ጉበት ደግሞ ጤነኛው የሚችለውን መርዝ አይችልም።

ክንድ ላይ መተኮስ፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ ማስወጣት ደግሞ በምንም መልኩ አይደረግ። ጉበቷ ደም የሚያረጋውን ፕሮቲን እየሠራ ካልሆነ ትንሽ ቁስል ደሟን አፍስሶ ሊጨርሳት ይችላል። ይህን ያልኩት ለማስፈራራት አይደለም፤ የአይኤንአር ቁጥሩ የሚለው ይህንኑ ነው።

ከፋርማሲ መድኃኒቶች ደግሞ አስፕሪን ከቤት ይውጣ። ሬይ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 አውስትራሊያ ውስጥ የገለጹት፣ ልጆች ከጉንፋን ወይም ከጉድፍ (ቺክንፖክስ) በኋላ አንጎላቸውና ጉበታቸው በአንዴ የሚወድቅበት በሽታ ከአስፕሪን ጋር የተያያዘ መሆኑ ቆይቶ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ በሽታው በእጅጉ ቀነሰ። የተመታው እዚያም ሚቶኮንድሪያ ነበር። ፓራሲታሞል ካስፈለጋት በክብደቷ ተሰልቶ ሐኪም ይንገርሽ። የሽሮፑ ጥንካሬ ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያልና «አንድ ማንኪያ» የሚል ምክር አይበቃም።

ኮኪውቴን ላይ ገንዘብ አታውጪ። ሰውነታቸው ይህን ንጥረ ነገር ራሱን መሥራት ለማይችል ጥቂት ሰዎች በእርግጥ ይሠራል። ለሌላው የጉበት ሚቶኮንድሪያ በሽታ ሕይወት እንደሚያተርፍ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም። በዚያ ገንዘብ የዘረመል ምርመራውን ግማሽ ትከፍሉበት ይሆናል።

ጉበት መቀየርን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው፣ ምክንያቱም ሰው ቤቱን ይሸጣል። ውጭ አገር ሄዶ ለሕፃን ጉበት ማስቀየር ይቻላል። ጥያቄው ይጠቅማታል ወይ ነው። አዲስ ጉበት ጉበትን ይተካል፤ አንጎልና ጡንቻ ውስጥ ያለውን ሚቶኮንድሪያ አይነካም። ፖልጂ ሆኖ ከተገኘ ንቅለ ተከላው አንጎሏን አያድንም፤ አብዛኞቹ ማዕከላትም አይሠሩትም። ዲጂዩኦኬ ሆኖ ዓይኗ ከተርገበገበ ወይም ሰውነቷ ከላላ እንዲሁ። ጉበት ላይ ብቻ የተወሰነ ሲሆን ግን የረዳቸው ልጆች አሉ። ቲአርኤምዩ ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ የመጀመሪያውን ከባድ ወቅት ከተሻገሩ ብዙዎቹ ጉበታቸው በራሱ ያገግማል። አየሽ፣ አንዱ ዘረመል «አትሂዱ»፣ ሌላው «ጠብቁ»፣ ሌላው «ሂዱ» ይላል። ሳይታወቅ ጉዞ መጀመር ገንዘብንም ልጅንም ማጣት ነው። የአንጎል ምርመራና የዘረመል ውጤት ሳይኖር ማንም ደላላ ቀጠሮ አሲዤላችኋለሁ ቢላችሁ እምቢ በሉ።

ስለዚህ የምመክርሽ ይህ ነው። ዛሬ ወደ ሆስፒታል፤ ቫልፕሮቱ ይቀየር። እዚያው ስኳር፣ አይኤንአር፣ ላክቴት፣ አሞኒያ፣ ካላዛርና ሄፓታይተስ ይታይ። ፍሩክቶስ ከምግቧ ይውጣ። ለሦስታችሁም የዘረመል ናሙና ይወሰድ። ማደንዘዣ የሚያስፈልግ ነገር ከመጣ ለሰመመን ባለሙያው «ረጅም ሰዓት ሳትበላ እንዳትቆይ፣ ግሉኮስ በደም ሥሯ ይሰጥ» በዪ፤ የሚቶኮንድሪያ ጥርጣሬ እንዳለ በካርዷ ሽፋን ላይ በትልቁ ይጻፍ። ካስመለሳት፣ ጡት እምቢ ካለች፣ ቀን ተኝታ ሌሊት ካለቀሰች፣ ድዷ ከደማ ወይም ሰገራዋ ከጠቆረ፣ ወይም ትኩሳት ከያዛት ሰዓት አትቁጠሪ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ሌላ ልጅ ለመውለድ አስባችሁ ከሆነ የዘረመሉ ውጤት እስኪመጣ ቆዩ። ጉድለቱ ከታወቀ በሚቀጥለው እርግዝና ገና በማህፀን እያለ ማየት የሚቻልባቸው አገሮች አሉ፤ ካልተቻለም ልጁ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ስኳሩን እየለካን፣ በሰዓቱ እያጠባን፣ ጎጂውን መድኃኒት አርቀን መጀመር እንችላለን። እስከዚያው የወሊድ መቆጣጠሪያ በጤና ጣቢያሽ አለ። ይህንንም ከባለቤትሽ ጋር አብራችሁ ሂዱ።